የሰባት ሰዓት ፉጨት

"እዚህማ ሸጋ አርጎ ይናገራል! እኔን ውሸታም ሊያደርገኝ ነው እኮ!" አሉ እማማ ይርገዱ፣ ከነጠላቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩትን ሬዲዮ በቁጣ እያዩ።

ዋኘው ጆሮውን አስጠግቶ ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር ወሰደው። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ይሰማል። የኋላ ክዳኑን ፈታና ከሦስት ሳምንት በፊት በገዛ እጁ የበየደውን ቦታ በካቻቢቴው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ብየዳው ንቅንቅ አላለም።

"ምንም የለበትም፣ እማማ።"

"ታዲያ እቤት ሲገባ ምነው ያፏጫል?"

በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ ስድስተኛው ሬዲዮ ነው። ስድስቱም የመጡት ከሱቁ ቁልቁል ከሚወርደው የቀሐ መንደር ነው፤ ስድስቱም ሱቁ ውስጥ ሲከፈቱ ደህና ናቸው። ዋኘው የነካው ሬዲዮ ሁለተኛ አይከፈትም የሚል ወሬ በጎንደር ነበር። ወሬውን ያስወራው ራሱ ነው የሚሉም አሉ፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ውሸት ሆኖ አልተገኘም። አሁን ስሙ ሊበላሽ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነበር።

"ፉጨቱ መቼ ነው የጀመረው?" አላቸው።

"ከሚካኤል ማግስት። ሌት የለ፣ ቀን የለ። ወታደሩ ልጄ፣ ሰጠኝ፣ ዛሪማ ግንባር ነን ብሎ ከጻፈልኝ ወዲህ እኮ አንድ የሰባት ሰዓት ዜና ጨርሼ አልሰማሁም። ስለ ጦሩ ማውራት ሲጀምሩ ፉጨቱ ይውጠዋል።"

የዋኘው እጅ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቀረ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሱቁን ዘግቶ የት እንደዋለ ትዝ አለው። መምህር አስማረ ቤት ነበር። የአስማረን ቤትና የእማማ ይርገዱን ቤት ደግሞ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው።

አስማረ በሆስፒታሉ ኮሌጅ የስታቲስቲክስ መምህር ነው። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ፣ ሌላው ማቀዝቀዣና ቴፕ ሲያመጣ፣ እሱ ተበትኖ የሚሸጥ ኮምፒዩተር በሻንጣ ይዞ መጣ። እጁ ግን ለብየዳ አይታመንም። ስለዚህ ዋኘውን ጠራ። ሁለቱ በየቅዳሜው እየተገናኙ ማሽኑን አቆሙት፤ ቴሌቪዥኑን ፊት አደረጉለት፣ ቴፑን ደብተር። የሚይዘው ቁጥር አነሰ ሲባል የማስታወሻ ቺፖቹን አንዱን ባንዱ ላይ አዝለው እግር ለእግር በየዷቸውና የሚይዘው እጥፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዋኘው የሬዲዮ ሥራ ይሰለቸው ጀመር።

ቀጥሎ ያማራቸው ፍጥነት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ሆድ ውስጥ ጥፍር የምታክል፣ ቆርቆሮ የለበሰች ክሪስታል አለች። ሥራዋ ምት መምታት ነው፤ የቀረው ሁሉ በእሷ ምት ይራመዳል። የአስማረ ማሽን ክሪስታል በሴኮንድ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች። አራት ብትመታ ማሽኑ ይችለዋል አለ አስማረ፤ ግን አራት የምትመታ ክሪስታል ጎንደር ውስጥ ከየት ትምጣ?

ዋኘው ሱቅ ነበረች። ከጦር ካምፑ ለጥገና የመጣ ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ሆዱ ውስጥ ክሪስታሎች በረድፍ ተሰክተዋል፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ። "አንዷን ብንዋሳት ምን ይለናል? ሬዲዮው እስኪወሰድ ሌላ እንፈልጋለን" ያለው ዋኘው ራሱ ነው። የአስማረ ሚስት፣ ነርሷ መንበረ፣ ክሪስታሏን መብራት ላይ አይታ፣ "ይህ የወታደር ቁጥር አይደለም እንዴ? በኔ ቤት?" ብላ ፊቷ ተለዋወጠ። ለጥቂት ቀን ነው ብለው አባበሏት።

ሲያበሩት የቴሌቪዥኑ ጽሑፍ ተንጋደደ፤ ከኋላ ያሉትን ማስተካከያዎች እያዞሩ አቃኑት። ዋናው ቺፕ ጣት እስኪያቃጥል ጋለ። ዋኘው ከአሮጌ የድስት ክዳን አሉሚኒየም ቆርጦ ሙቀቱን እንዲስብ ጀርባው ላይ ለጠፈለት። ከዚያ አስማረ አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረውን ስሌት አስጀመረ፤ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ሁለት የጎለመሱ ሰዎች ተቃቅፈው ዘለሉ፤ መንበረም ሳትወድ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኑ ጠፍቶ አያውቅም። ወባ የያዛቸውን ሕፃናት የሦስት ዓመት ካርድ ያሰላል። አስማረ ተጨማሪ ካርድ ሊለቅም አይከል ወርዷል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ የሁለት ሳምንት ሥራ ይጠፋል ብሎ መንበረን አስጠንቅቋታል።

የሚያፏጨው እንግዲህ እሱ ነው፤ የፈጠነው ምት በአየር ወጥቶ በየጎረቤቱ ሬዲዮ ይገባል። ዋኘው፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ብየዳው አልተበላሸም! ስሙ ደህና ነው! ለእማማ ይርገዱ ምን ብሎ እንደሚያስረዳቸው እያሰበ ፈገግ ሲል የሱቁ በር ጨለመ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አለነ ቀድሞ ገባ። ከኋላው ግራጫ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰው ተከተለው። ሰውየው ካሣዬ እንደሚባልና የት ቢሮ እንደሚሠራ የማያውቅ የለም፤ ቢሮውን ግን ማንም በስሙ አይጠራም። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች ደጅ ቆሙ።

"ጓድ ዋኘው፣ ሥራ አላስፈታንህም?" አለ ካሣዬ በለሰለሰ ድምፅ። "አንድ ሙያዊ ነገር ልጠይቅህ ነው። ቀሐ መንደር ሬዲዮ ላይ የሚያፏጭ ነገር እንዳለ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"አንተ ምን ትላለህ?"

"ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ሞተር፣ የመብራት ሽቦ..."

"እኛ ደግሞ ድብቅ የመገናኛ ሬዲዮ ነው ብለን እናስባለን። ለወንበዴው ወሬ የሚያቀብል። ከዛሪማ መንገድ የሚመጣውን ወሬ መቼም ትሰማለህ።" ከኮቱ ኪስ ትንሽ የእጅ ሬዲዮ አወጣ። "የተማረ ሰው ካዲስ አበባ ብናስመጣ ሳምንት ይፈጃል። ፉጨቱ ካለ ሁሉም ሬዲዮ ያፏጫል፤ ከየት ቤት እንደሚመጣ ግን ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ባለች ተራ ሬዲዮ የማይሞከር ነው፣ አይደል?"

"ለምን አይቻልም?" አለ ዋኘው።

ያመለጠችው ከአፉ እንጂ ከልቡ አይደለም። ግን የማይቻል ሲሉት አይወድም፤ ወጣትነቱን በሙሉ ሰዎች አይሠራም ያሉትን ሲሠራ ያሳለፈ ሰው ነው። ምላሱ ቀደመው፣ እጁም ተከተለ። ሬዲዮዋን ከካሣዬ ተቀብሎ አንድ ጣቢያ ላይ አደረጋትና መዳፉ ላይ አጋድሞ ቀስ ብሎ አዞራት።

"ይኸው፣ አሁን ዘፈኑ ይጮሃል። ትንሽ ላዙራት... አሁን ደከመ። ትንሽ ልጨምር... አሁን ጠፋ፣ አይደል? ውስጧ የተጋደመ ዘንግ አለ። ድምፁ በጠፋበት ቅጽበት የሬዲዮዋ ጫፍ ድምፁ ወደሚመጣበት ያያል። ከአንድ ቦታ አቅጣጫዋን ትይዛለህ፣ ከሌላ ቦታ ትደግማለህ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት..."

እዚህ ላይ ቆመ። ካሣዬ ዓይኑን ሳይነቅል እያዳመጠው ነበር።

"የሚገናኙበት ቤቱ ነው" ብሎ ጨረሰለት ካሣዬ። "ጓድ አለነ፣ አላልኩህም? እዚሁ ባለሙያ እያለን!" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሰባት ሰዓት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው። ሰዉ ዜና ሊሰማ ቤቱ ሲገባ መንገዱ ጭር ይላል። ያኔ አብረን እንወርዳለን።"

ቤቱን ካገኙ ማሽኑን ያገኛሉ። ማሽኑን ከፈቱ የጦሩ ቁጥር የታተመባትን ክሪስታል ያገኛሉ። ስሌት ነው፣ የሕፃናት ካርድ ነው ብሎ የሚያስረዳቸው ማነው? ባለፈው ዓመት ከዚህ ላነሰ ነገር የተወሰዱ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተመለሱም። አስማረ ከአይከል ሲመለስ መኪናው ደጃፍ ይቀበሉታል፤ መንበረን ደግሞ ሌሊት ሠርታ ከተኛችበት አሁኑኑ ያነሷታል። ይህን ሁሉ ያደረገው የገዛ አፉ ነው። እጁንም አፉንም ቢቆርጠው በወደደ።

እማማ ይርገዱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ዋኘው ሬዲዮናቸውን አንስቶ በነጠላው ጠቀለለላቸው።

"ይውሰዱት እማማ። ደህና ነው። እግረ መንገድዎን ለሲስተር መንበረ ይንገሩልኝ፤ የሠራሁላት የኤሌክትሪክ ካውያ ሽቦው ተላጧል። አሁኑኑ ከግድግዳው ትንቀለው። ቤቱን ያቃጥለዋል ብሏል ይበሏት።"

"የምን ኤሌክትሪክ?" አሉ እማማ ይርገዱ። "መንበረ በከሰል አይደለም እንዴ የምትተኩሰው? ትናንት እንኳ ፍም ከኔ ወስዳለች።"

ካሣዬ ቀና አለ።

"አዲስ ነው" አለ ዋኘው፣ የነጠላውን ጫፍ እየቋጠረላቸው። "ባሏ ከጀርመን ያመጣው። ተኝታ ቢሆን እንኳ ቀስቅሰው ይንገሯት፣ እባክዎ። እሳት አይጠበቅም።"

"እሳትስ ክፉ ነው፤ እነግራታለሁ" ብለው ወጡ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከኋላ አያቸው። አንዱን እርምጃ ከሌላው ጋር እያማከሩ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ከአንዲት ሴት ጋር ቆመው ሰላምታ ሲለዋወጡ ዋኘው በልቡ ጮኸባቸው።

ካሣዬ ተነስቶ መደርደሪያውን እየቃኘ ነበር። አረንጓዴው የጦር ሬዲዮ ፊት ቆመ።

"የጦሩንም አንተ ነህ የምትሠራው?"

"አንዳንዴ ያመጡልኛል።"

"ዝም ብለው ለማንም አይሰጡም። እጅህን ቢያምኑት ነው። አልቋል?"

"አንድ ዕቃ ይቀረዋል" አለ ዋኘው። እውነቱን ነበር።

ካሣዬ ክዳኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና ተመልሶ ተቀመጠ። ሻይ አስመጥቶ ለሁሉም ጋበዘ። ዋኘው ብርጭቆውን ቢይዝም አልጠጣለትም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወጡ። ዋኘው ሬዲዮዋን እሱ ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊመራቸው አስቦ ነበር፤ ወደ ወንዙ፣ ወደ ባዶ ሜዳው። ካሣዬ ግን "አንተ አስተምረኝ እንጂ እኔው ልያዛት" አለ። ደግሞም ጥሩ ተማሪ ነበር። ከድንጋዩ ድልድይ አጠገብ ሲደርሱ ፉጨቱ ቀጭን ሆኖ ተሰማ። ካሣዬ ሬዲዮዋን መዳፉ ላይ አዞራት፤ ፉጨቱ ጠፋ፤ የሬዲዮዋ ጫፍ ከባሕር ዛፉ ባሻገር ያለውን የቆርቆሮ ጣራ አየ። ሰውየው ሣቀ። መቶ እርምጃ ወርዶ ደገመው። ጫፏ እዚያው ጣራ ላይ ወደቀ።

"ይገርማል" አለ። "አንተ ሊቅ ነህ እኮ!"

መንበረ ሌሊት ተረኛ ነበረች፤ በር ቢቆረቆር የማትሰማ ብትሆንስ? ብትሰማስ፣ ባሏ እንዳትነኪው ያላትን በአንድ የካውያ ወሬ ትነቅለዋለች? ፉጨቱ በየእርምጃው እየወፈረ ሄደ። ዜናው ጀምሯል፤ ከየቤቱ የሚወጣው የአንባቢው ድምፅ በፉጨት ታንቆ ነው የሚሰማው። ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ቅያሱን ታጥፈው የእማማ ይርገዱ በርና የአስማረ በር ጎን ለጎን ፊታቸው ድቅን ሲል ፉጨቱ ድንገት ቆመ።

የአንባቢው ድምፅ ከየቤቱ ጥርት ብሎ ወጣ። አንዲት ሴት ከሩቅ "እሰይ!" ስትል ተሰማ። ዋኘው ዕንባው መጣ። መንበረ ገብቷታል፤ ነቅላዋለች። ቀጥሎ ግን የካሣዬን ፊት አየ።

"አይተውናል" አለ ካሣዬ ቀስ ብሎ። "ልክ ስንደርስ አጠፉት። እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው። ጓድ አለነ፣ ሁለቱንም አስከፍት። ግድግዳ ቢሆን፣ ወለል ቢሆን፣ ቆፍራችሁ ፈልጉ።"

የአስማረ በር ገርበብ አለ። መንበረ በሌሊት ልብሷ ላይ ጋቢ ደርባ ብቅ አለችና ጠመንጃዎቹን ስታይ ባለችበት ደረቀች። ዋኘውን አየችው፣ እሱም አያት። ክሪስታሏን ለመንቀል ጊዜ አላገኘችም፤ ከፊቷ አነበበው።

"ቆፈራ አያስፈልግም" አለ ዋኘው። "የእማማ ይርገዱ ሬዲዮ ነው።"

ካሣዬ ዞሮ አየው። "ምን?"

"የተበላሸ ሬዲዮ ራሱ ያፏጫል፤ የጎረቤቱንም ያስፏጫል። ከሚካኤል በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። አሁን ዝም ያለው ስላጠፉት ነው። ግቡና ላሳያችሁ።"

ገቡ። እማማ ይርገዱ ሬዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ገና ከጎረቤት መመለሳቸው ነበር፤ አላበሩትም። ዋኘው ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ አወጣና የኋላ ክዳኑን ፈታ። ውስጡ ከብየዳው አጠገብ የምስር ፍሬ የምታክል ቢጫ ብሎን አለች። እሷን ያለ ቦታዋ ያዞረ ሬዲዮኑን ያሳብደዋል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እየተጠነቀቀ፣ ትንፋሹን ይዞ ያስተካክላት የነበረች ብሎን ናት። በጀርባው ከልሎ ሁለት ዙር ጠመዘዛት። ከዚያ አበራው።

ሬዲዮኑ ጮኸ። የካሣዬም መዳፍ ላይ ያለችው አብራ ጮኸች፤ በየጎረቤቱም ዜናው እንደገና ታነቀ።

"ይኸው" አለ ዋኘው።

"ምነው ዋኘው!" እማማ ይርገዱ ደረታቸውን ያዙ። "ቅድም ምንም የለበትም አላልኸኝም? ሸጋ አርጎ ሲናገር አልነበረም?"

"ዋሽቼዎት ነው እማማ። የገጠምኩት ዕቃ የማይሆን ነበር። አፍሬ ደበቅሁ። ስሜ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።"

እማማ ይርገዱ ሬዲዮናቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ልጃቸው ዛሪማ ነው፤ የቀራቸው ይህ ሬዲዮ ነበር። ዋኘው ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።

ካሣዬ ሁለቱንም ሬዲዮዎች አጠፋ። ከጎረቤት የሚሰማው ዜና ስለ አዝመራ ያወራ ነበር።

"ሃያ ዓመት የሠራህ ሰው" አለ በመጨረሻ። "እንዲህ ያለ ስህተት?"

"የእኔ እጅ ነው ያበላሸው።"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ስንጠረጥር፣ አንተ እያወቅህ ዝም አልክ። ይሁን። ስህተት ነው ልበል።" ሬዲዮዋን ኮቱ ኪስ ከተተ። "ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እጅህ እንዲህ ከሆነ፣ ያ መደርደሪያህ ላይ ያለው የጦር ሬዲዮስ? እሱንስ እንዴት አድርገህ ይሆን የሠራኸው? ሄደን እንክፈተው።"

ዋኘው ይህ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ብሎኗን ሲጠመዝዝም ያውቅ ነበር። በረድፉ መካከል ያለችው ባዶ ቀዳዳ ለማንም ትታያለች፤ ክሪስታሏን የት አደረስካት ሲሉት ጠፋችብኝ ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ያንን እስከ መቼ ማለት እንደሚችል አያውቅም።

በመስኮቱ ወደ አጥሩ አየ። መንበረ አሁንም በሯ ላይ ቆማለች። ቺፑ ገና ትኩስ ነው፤ ክሪስታሏ ግን በሁለት እግሯ ብቻ ነው የተበየደችው፣ በጉጠት ሳብ ቢያደርጓት ትነቀላለች። ቀሐ ወንዝም ከጓሮዋ ብዙ አይርቅም። የሚያስፈልጋት ጥቂት ጊዜ ነው።

ካቻቢቴውን እማማ ይርገዱ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ተነሳ።

"እንሂድ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው" አለ። "ግን ዳገቱን ቀስ ብለን ነው የምንወጣው፤ ጉልበቴን ያመኛል።"

ጉልበቱን አሞት አያውቅም። በመንበረ ፊት ሰላም ሳይላት፣ ቀና ብሎም ሳያያት፣ ግራ እግሩን እየጎተተ አለፈ።